የቱርክ ጠመንጃዬና የወንድሜ ቢላዋ

ቋንጣውን ለጊዜው ተዉት። እጃችሁን ሰብስቡ፤ ወሬዬን ስጨርስ ትበላላችሁ። ሳሮን፣ አንቺ ያንን አዲስ ጠመንጃ ከነሣጥኑ ወደ ግድግዳው አስጠጊና እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። «እትዬ ሙሉ፣ ቅዳሜ ይዤው ልውጣ?» ነበር ያልሽኝ። አትወጪም! መጀመሪያ ይገራል፤ ከዚያ ነው ተራራ የሚወጣው።

የእኔም እንዳንቺው የቱርክ ነው። የሱቁ ሰውዬ ራሱ ከንፈሩን ጣል አድርጎ ነው የሸጠልኝ፤ ርካሽ ነዋ። ራሱን የሚያቀባብል ሾትገን ነው፤ አንዱን ሲተኩስ ሌላውን ይጎርሳል። መርከብ ላይ እንዳይዝግ የሚቀቡት ቅባት ከጣት አይለቅም፤ እሱን አጥበሽ ካላወጣሽ ምንም አይሠራም። ደግሞ ሞላው ግትር ነው። ቀላል ጥይት ካጎረስሽው ጉልበቱ መዝጊያውን፣ ጥይቱን ከኋላ የሚደፍነውን ብረት ማለቴ ነው፣ ወደ ኋላ ገፍቶ አይመልሰውም። ባዶው ቀለህ በሩ ላይ ይወተፋል፤ አንቺም እንደ ተገተርሽ ትቀሪያለሽ። ስለዚህ የሚገራው በከባድ ጥይት ነው። ከሥራ በወጣሁ ቁጥር ወደ ተኩስ መለማመጃው ድራይቭ እያደረግኩ ከባድ ከባዱን አጎረስኩት። ትከሻዬ በለዘ። ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሳገላብጥ ሸሚዜ ሸርተት ብሎ አለቃዬ አየችኝና «ባልሽ ይመታሻል እንዴ?» ብላ ጆሮዬ ላይ ጠየቀችኝ። «ባል የለኝም፤ ጠመንጃ ነው የሚመታኝ» አልኳት። እስከ ዛሬ ያመነችኝ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ተገራ። ጥይት በጥይት ላይ ሲቀበል ድምፁ እንደ ስፌት መኪና ሆነ። ንጹሕና ደረቅ አድርጌ ጠርጌ፣ ዘይት እንደ ነገሩ ብቻ አስነክቼ አስቀመጥኩት።

ታላቅ ወንድሜን ታደሰን መቼም ታውቁታላችሁ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከነከዘራው የሚቆመውን። ያኔ ከዘራ አልነበረውም፤ የምንኖረውም አንድ ቤት ነበር። ወታደር የነበረ ሰው ነው፤ አደን ያስተማረኝም እሱ ነው። ኋላ ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው መተኮሱን ተወና ሥራውን ተካፈልን። እኔ እተኩሳለሁ፤ እሱ ይባርካል። እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ በቢላዋ መድረስ፣ በሥላሴ ስም ብሎ ማረድ አለበት። አለበለዚያ ጥንብ ነው፤ እኛ ቤት አይበላም። ሴት ያረደችውማ ጭራሽ አይነሣም። እኔ ያደግኩት እንዲህ ነው፤ እናንተም እዚሁ ሰው አገር፣ ፌርፋክስ ሰፈር ተወልዳችሁ እንኳ ከዚህ አላመለጣችሁም። ቢላዋው የአባታችን ነበር። ከአባቴ ወደ ወንድሜ ሲያልፍ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ማንም ዘወር ብሎ አላየኝም።

የዚያን ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው የወጣነው። ከሰፈራችን ከዌስት አዳምስ ገና ሳይነጋ ተነሥተን፣ ፋይቭ የሚሉትን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ሰሜን፣ ከዚያ በአባጣ ጎርባጣው ወደ ተራራው። በዚያ ወቅት ቀን ቀን የበረሃው ነፋስ ፊት ይለበልባል፤ ጠዋት ግን እዚያ ላይ ጣት ያደነዝዛል። ብርዱን ልብ በሉልኝ።

ደረቅ ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ ዱካ አገኘን። የኮቴው ጠርዝ ገና አልተናደም፤ ነፋስም አልነካው። ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ዛፍ ልጡ ተገሽልጦ እርጥብ እንጨቱ ይታያል። ወንድሜ በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና «ወንድ ነው። ቀንዱን ሲስል ነበር፤ ተቆጥቷል» አለኝ በሹክሹክታ። ነፋሱ ከፊታችን ነበር። እሱን ከድንጋዩ ጀርባ አስቀርቼ ወደፊት ተሳብኩ።

አጋዘኑ ከቁጥቋጦው ሲወጣ ጎኑን ሰጠኝ። ቅርንጫፋም ቀንድ፣ የወፈረ አንገት። ትንፋሼን ይዤ ምላጩን ሳብኩ። ጥይቴ ድፍን መዳብ ነው፤ ሕጉ እርሳስ አይፈቅድም። በፊት እግሩ ተንበረከከና ወደ ደረቁ ወንዝ ተንከባለለ። እግሩ ይንፈራገጣል፤ አልሞተም። ልድገመው ብዬ ሳነጣጥር ከኋላዬ ድንጋይ ሲናድ ሰማሁ።

«እንዳትደግሚው! ሳይሞት ልድረስበት!»

ወንድሜ ነው፤ ቢላዋውን መዝዞ ቁልቁል ይሮጣል። «ቁም! ቁም ወንድምጋሼ፣ ገና ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ? ሥጋው ጥንብ እንዳይሆን ነዋ የሚሮጠው! በእኔና በአጋዘኑ መካከል ገባ። ቀንዱን በግራ እጁ ሊይዝ ጎንበስ ሲል እንስሳው ተነሣ። እንዴት እንደ ተነሣ አትጠይቁኝ። ወንድሜን በቀንዱ ወገቡ ሥር አንሥቶ ከወንዙ ዳር ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አጣበቀው። አንዱ ቅርንጫፍ ጭኑ ውስጥ ሲገባ ወንድሜ እንደ ሕፃን ጮኸ። በዕድሜዬ እንዲያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።

ወደ ጎን ሮጬ መስመር አገኘሁ። ወንድሜን የማይነካ መስመር። ምላጩን ሳብኩ፤ ዝም። እንደገና ሳብኩ፤ ዝም። መዝጊያው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ሁለተኛው ጥይት አፉ ላይ ተቀርቅሯል። በመዳፌ መታሁት፤ አልሄደም፤ እጄ ግን ሙልጭልጭ አለብኝ። ዘይት! በገዛ እጄ ያደረቅኩት ጠመንጃ በዘይት ታጥቧል።

ከዚያ በኋላ አላሰብኩም። ጠመንጃውን ጣልኩት። ቢላዋው ከወንድሜ እጅ አምልጦ አሸዋው ላይ ወድቋል። ከጎን ገብቼ በአንድ እጄ ቀንዱን ጨብጬ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። ትንፋሹ ትኩስ ነበር፤ ዓይኑ ነጭ በነጭ ሆኗል። ያን ጊዜ ከሥር ሆኖ፣ ቀንድ ጭኑ ውስጥ ተሰክቶ፣ ወንድሜ ምን አለኝ መሰላችሁ?

«ተይ! አንቺ እንዳትነኪው!»

«ዝም በል!» አልኩት። ታላቅ ወንድሜን ዝም በል ስለው የመጀመሪያዬ ነው። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ ጮክ ብዬ አረድኩት። ደሙ ሁለታችንንም አለበሰን። ቀንዱን ከጭኑ የነቀልኩት አጋዘኑ ከረገበ በኋላ ነው።

ቁስል መያዝ የሥራዬ ነገር ነው። ሻርፔን አጥፌ ቁስሉ ላይ ደፈንኩ፣ በቀበቶው ጠፍሬ አሰርኩ። ስልክ ኔትወርክ የለውም። ጮህኩ። በጎረቤት ሸለቆ ሲያድኑ የነበሩ አባትና ልጅ፣ ሜክሲኮዎች፣ ሰምተው መጡ። እኔና ልጁ ተሸክመን መኪናዬ ድረስ አወረድነው፤ አባትየው ታጌን፣ የአደን ፈቃዴን ወረቀት፣ ቀንዱ ላይ አስሮ አጋዘኑን በፒካፑ አመጣልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ሆስፒታል ተሰፍቶ ሲነቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። «ጠመንጃዬን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ» አለኝ፤ ኩራት እንኳ ነበረበት። «ሥራ ላይ እያለሽ ፈታሁት። አጥንት ሆኖ ደርቋል። ጥሩ አድርጌ ዘይት አጠጣሁልሽ።»

የድሮ የጦር ክፍሉ ጠመንጃ የሚወደደው እንደዚያ ነበር፤ ለእሱ ያ ፍቅር ነው። የእኔው ግን በገዛ ጋዙ፣ በባሩዱ ጭስ ማለቴ ነው፣ ገፍቶ የሚሠራ ስስ ነገር ነው። ዘይቱ በብርዱ ረግቶ፣ ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ተቦክቶ፣ መዝጊያውን ያዘው። ምን ልበለው? እግሩ እንደዚያ ሆኖ? ግንባሩን ስሜ ወጣሁ።

ሲመለስ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። ከአጋዘኑ ጥብስ ሠርቼ አቀረብኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት «ለመሆኑ ማን ባረከው?» አሉ። ማንኪያዬን እንደ ያዝኩ ቀረሁ። ወንድሜ ሶፋው ላይ፣ እግሩ ትራስ ላይ፣ ወደ እኔ አላየም።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?» አለ።

«ይባርክህ» አሉ፤ ሁሉም በላ። እሱም ቀድሞ ጎረሰ። እኔ ወደ ኩችና ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ። ሥጋዬን ሊያስበላልኝ ብሎ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ቀንድ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሰው ሁሉ ምርቃት ደግሞ ለእሱ ሆነ። ተናደድኩ። አሁንም ያናድደኛል። ከዚያም የባሰው፣ «አንቺ እንዳትነኪው» ያለው ከልቡ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ለመጠየቅ እፈራለሁ።

በማግስቱ ቢላዋውን ከጠመንጃዬ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። ወንድሜ ነው ያስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ በየወቅቱ እያነከሰ አብሮኝ ይወጣ ነበር። አጋዘኑ ሲወድቅ ደግሜ እተኩሳለሁ፣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ዓይኑ እስኪፈዝ በሩቁ አየዋለሁ፤ ነፍሱ ሳትወጣ እደርሳለሁ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ሸለቆው ያዞርና «በይ» ይለኛል። ቤት ስንገባ ግን «ማን ባረከው?» ሲባል «እኔ» ነው።

ዘንድሮ ሐኪሙ ተራራ ከልክሎታል። አብረሽኝ የምትወጪው አንቺ ነሽ ሳሮን። «ሶ እትዬ፣ ማን ይባርካል ታዲያ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መዋሸት አቃተኝ። ጠመንጃሽን አንቺ ብቻ ገሪው፣ አንቺ ብቻ ጥረጊው፤ የሚወድሽ ሰው እንኳ ቢሆን አታስነኪው። የወደቀን እንስሳ ወድቋል ብለሽ አትሩጪበት። ይኸ ከእኔ የምትይዢው ነው። የቢላዋውን ነገር ግን ለሁላችሁም መናገር ነበረብኝ፤ የዘንድሮውን «እኔ» የሚልልን የለምና።

ትናንት ለወንድሜ ደወልኩለት። «ለልጆቹ ልነግራቸው ነው» አልኩት። ከዘራው ወለሉን ሲመታ በስልኩ ሰማሁ።

«ኦኬ» አለኝ በመጨረሻ። «ንገሪያቸው። ግን መጀመሪያ ይብሉ፤ ከበሉ በኋላ ንገሪያቸው።»

እኔ ደግሞ አልሰማሁትም። ይኸው ሳህኑ፣ ሙሉ ነው፤ አንዳችሁም አልነካችሁትም። የዚህን ቋንጣ አጋዘን አምና የባረክኩት እኔ ነኝ። በሉ እንግዲህ፣ እጁን የሚሰድ ይስደድ።