ላይኛው መሳቢያ

እስቲ ይህን ወለል ተመልከቱት። የመኖሪያ ቤት ጋራዥ ነው፤ አንድ መኪና ከገባ በጎኑ ለማለፍ ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ ይጠይቃል። ሲሚንቶው ላይ አሮጌ ሸራ ተነጥፏል። ሸራው ላይ ከስምንት ቁጥር እስከ ሠላሳ ሁለት ድረስ መፍቻው ሁሉ በመጠን በመጠኑ ተደርድሯል፤ ከጎኑ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ በቀለም ቆርቆሮ የታጨቀ የብሎን መፍቻ ጭንቅላት። አሁን ደግሞ ሰውየውን ተመልከቱት። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። አንዲት መፍቻ ለማንሳት በአንድ እጁ የመኪናውን አፍንጫ ይይዛል፤ አንድ ጉልበቱን ያወርዳል፤ ሌላውን ያስከትላል፤ መፍቻዋን ያነሳል፤ ከዚያ ለመቆም ይህንኑ ሁሉ ከመጨረሻው ጀምሮ ይደግመዋል። አንድ ቀን ፍሬን ሲቀይር ስንት ጊዜ ጎንበስ እንደሚል ልቆጥር ተቀመጥኩ። ሠላሳ ሰባት ላይ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት።

የእህቴ ባል ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ጋሽ ሜትሩ ይለዋል። ብሎኑን ገና ከሩቅ አይቶ «አሥራ ሦስት ነው» ይላል፤ ሲለካ አሥራ ሦስት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ትልቅ ድርጅት የመኪና ጥገና ክፍል ሠራና ወገቡን እዚያው ጥሎት ወጣ። ሲሸኙት ሰዓት ሸለሙት። ሰዓት! ወገቡ የተቀነጠሰ ሰው በሰዓት ምን ሊያደርግበት ነው? ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያመው ሊያይበት? ከንቱዎች።

ሐኪሙ የነገረው ነገር አጭር ነበር፦ «መቆም ትችላለህ፤ መሥራትም ትችላለህ። ከወገብህ በታች ያለ ነገር ግን ያንተ አይደለም፤ እርሳው።» እሱ የመጀመሪያውን ሰማ። የመጨረሻውን አልሰማም። ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ዕቃውን ዘረጋና የሠፈሩን መኪና መጠገን ጀመረ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጠዋት ጠዋት ካልሲውን የምታጠልቅለት እሷ ናት፤ እሱ እግሩ ድረስ አይደርስም። ነገሩ የፈነዳውም ካልሲ ላይ ነው፤ እሑድ ዕለት።

«ስማኝ አንተ ሰውዬ» አለችው ቀና ሳትል። «አለቃህን አነጋግሬዋለሁ።»

«የትኛውን አለቃ?»

«የድሮውን። ዕቃውን በሙሉ እወስዳለሁ ብሏል። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል።»

ጋሽ ሜትሩ እግሩን ከእጇ ነጠቃት። «የኔን ዕቃ? እኔንስ ለምን አብረሽ አልሸጥሽኝም?»

«አንተንማ ማን ይገዛል? ከመሃል ተሰብረሃል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እነሱ ግን አልሳቁም። እህቴ ካልሲውን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ የሌለው ለቅሶ። ማታ ማታ ሲገላበጥ የሚያሰማውን ድምፅ የምትሰማው እሷ ናት፤ እኛ አይደለንም።

ጋሽ ሜትሩ «እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጪኝ» አላት። «ባለ ጎማ የዕቃ ጋሪ እገዛለሁ። ዕቃው ወደ ወገቤ ከመጣ እኔ ወደ ዕቃው አልወርድም። በመኪናው ዙሪያ እየገፋሁት እሠራለሁ። ካላገኘሁ አለቃው ይውሰደው፤ አፌን አልከፍትም።»

«ቅዳሜ ጠዋት» አለችው። «ከሰዓት አላልኩም።»

እንግዲህ ሰውየው የፈለገው ጌጥ አይደለም። ጋሪውን ካገኘ ሙያው ይቆያል፤ ካላገኘ ሃያ ስድስት ዓመቱ በሰው መኪና ተጭኖ ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው።

ሰኞ ጠዋት መለካት ጀመረ። የጋራዡን በር ለካ። በመኪናውና በግድግዳው መካከል ያለውን መተላለፊያ ለካ። ከወለሉ እስከ ቀበቶው ለካ። ሁሉንም በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጽፎ ኪሱ ከተተው። እሱ ዕቃ ማንሳት ስለማይችል አብሬው የምዞር እኔ ሆንኩ። ሰኞና ማክሰኞ የዞርንባቸው ሱቆች ጋሪ ነበራቸው፤ ግን ዋጋውን ሲነግሩን ጋሽ ሜትሩ «ከነመካኒኩ ነው?» ብሎ ይወጣል። ረቡዕ ያገለገለ አየን፤ አንዱ ጎማው የለም፣ ሌላው መሳቢያው አይከፈትም። እሱ ይጠቁራል፤ እኔ እበሳጫለሁ። እቤት ስንገባ እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ባዶ እጃችንን ታይና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። 

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው ቀዩን ጋሪ ያገኘነው።

ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ስድስት መሳቢያ አለው፣ ዋጋው ካየናቸው ሁሉ ግማሽ። ግንባሩ ላይ «ሁለት መቶ ኪሎ ይችላል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሻጩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣ።

«ጋሼ፣ ይህ ጋሪ አይምሰልዎት፤ ሙሽራ ነው።»

«ሙሽራ ከሆነ ላሜራው ለምን ሳሳ?» አለው ጋሽ ሜትሩ በጣቱ አንጓ ጎኑን እያንኳኳ።

«ዘመናዊ ነዋ! የዛሬ ሙሽራ ወፍራም አይደለችም።»

«ሁለት መቶ ኪሎ ይችላል ያለው ማን ነው?»

«ፋብሪካው።»

«ፋብሪካው ተሸክሞ አይቶታል?»

ሻጩ ሳቀ። ጋሽ ሜትሩ አልሳቀም። ሜትሩን አወጣና ለካው፤ በበሩ ይገባል፣ በመተላለፊያው ያልፋል፣ ላይኛው መሳቢያ ልክ ቀበቶው ጋ ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ፍሬን አላቸው፤ ረግጦ ገፋው፣ አልተንቀሳቀሰም። ስድስቱንም መሳቢያ በአንድ ጊዜ እስከ ጥግ ሳባቸው። ጋሪው ጸጥ ብሎ ቆመ።

ባዶውን! ባዶ ጋሪ ለምን ይወድቃል? ይህን የማውቀው ዛሬ ነው። ያን ዕለት እኔም «ጎበዝ ነው፣ ቆመ» ብዬ እጄን አጨበጨብኩ።

አንድ ሌላ ነገርም ልናገር፣ ቢቆጠቁጠኝም። ከሱቁ ጥግ አንድ ግራጫ ጋሪ ቆሞ ነበር፤ መሳቢያ የለው፣ ክዳን የለው፣ ሁለት ሰፋፊ መደርደሪያ ብቻ፤ እግሩ ወደ ውጭ ፈርከክ ያለ። ዋጋው ከቀዩም ያንስ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺስ?» አልኩት።

«ይቺማ የካፌ ናት። እኔ ሻይ አዳይ ነኝ? መካኒክ መሳቢያ አለው።»

ሻጩ ወዲያው ከአፉ ተቀበለው። «እውነታቸውን ነው እህቴ! የጋሼን ክብር አይንኩ።»

ልከራከረው እችል ነበር። አፌ ለመከራከር ሰንፎ አያውቅም። ግን እግሬ ዝሏል፤ አራት ቀን ዞሬአለሁ። «በል እንግዲያ ቶሎ ወስን ጋሼ፤ ነገ ዓርብ ነው» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ወሰነ።

ዓርብ ጠዋት ጋራዡ የበዓል ቤት መሰለ። ጋሽ ሜትሩ ቆሟል፤ እኔ ከሸራው ላይ እያነሳሁ አቀብለዋለሁ። መፍቻዎቹን በሙሉ ላይኛው መሳቢያ ውስጥ ደረደራቸው። መዶሻዎቹንና የብሎን መፍቻ ጭንቅላቶቹን ሁለተኛው ውስጥ አጨቃቸው። ብረት በብረት ላይ። ታችኞቹ አራቱ ባዶ ቀሩ፤ ለታች ማን ጎንበስ ይላል? ጋሪው የተገዛውስ ጎንበስ ላለማለት አይደል?

ቆየት ብላ እህቴ መጣች። ጋሪውን ዞራ አየችው። መሳቢያውን በጣቷ ነካችው። «ለባዶዎቹ ጨርቅ እሰፋላቸዋለሁ፤ ትንንሹ ዕቃ እንዳይንኳኳ» አለች። ጋሽ ሜትሩ ሰማይ የተሰጠው ያህል ደስ አለው። ጨርቅ እሰፋለሁ ማለቷ ዕቃው አይሸጥም ማለት ነው፤ ሦስታችንም ገብቶናል።

ከሰዓት በኋላ የዳቦ ቤቱ መኪና ለፍሬን ገባ። ጋሽ ሜትሩ ጋሪውን አስጠጋና የፊት ጎማዎቹን ፍሬን ረገጠ። እህቴ የሰፋችውን ጨርቅ ይዛ ጋሪው ፊት ቁጭ አለች፤ የታችኛውን መሳቢያ ስባ ልታነጥፍ ጀመረች። እኔ ከጋሪው ኋላ ወለሉን እጠርጋለሁ። እሱ ከላይዋ እጁን አሻግሮ የመጀመሪያውን መሳቢያ እስከ ጥግ ሳበ። መፍቻ አነሳ፤ ብሎኑ ላይ ሞከረው፤ ቦታው ጠቦ አልዞረለትም። መሳቢያውን ሳይዘጋ ሁለተኛውን ሳበ።

መጥረጊያዬ አጠገብ የነበረው የኋላ ጎማ ከወለሉ ተነሳ።

መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። አንድ ጣት ያህል። ከዚያ አንድ ስንዝር። ያ ሁሉ ብረት በመሳቢያው ውስጥ ወደፊት ሲንሸራተት ድምፁ ተሰማኝ።

«ያዘው!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ይዞታል። ደረቱን አስጠግቶ፣ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ፣ በዚያ በተሰበረ ወገቡ ተሸክሞታል። የተከፈቱት መሳቢያዎች ሆዱን ይወጉታል። ከሥራቸው እህቴ አለች።

«ምንድነው?» ብላ ልትነሳ ስትል፣

«አትነሺ!» አላት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። «ከጭንቅላትሽ በላይ ነው ያለው። በጎንሽ ውጪ። እንደ ሕፃን ዳኺ።»

«ቀሚሴ... ቀሚሴን ይዞኛል!»

የቀሚሷ ጫፍ በታችኛው መሳቢያ ሐዲድ ውስጥ ገብቷል። እኔ የጋሪውን የኋላ ጠርዝ ይዤ ተንጠለጠልኩ፤ እግሬን ከመሬት አነሳሁ፤ ክብደቴን ሁሉ ሰጠሁት። አልተመለሰም። ያዝ ብቻ አደረገው። የጋሽ ሜትሩ ክንድ ሲንቀጠቀጥ በላሜራው በኩል ይሰማኛል፤ ሦስተኛው መሳቢያ ብቻውን ተንሸራቶ ሲከፈት ሰማሁ።

«ቅደጂው» አላት። «ቀሚሱን ቅደጂው፣ የኔ እመቤት።»

ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ የኖረች ሴት ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ ቀደደችው። የጨርቁ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በክርኗ እየዳኸች ግድግዳው ጋ ደረሰች። «ወጥቻለሁ!» አለች።

ያኔ ለቀቀው። ጋሪው በግንባሩ ተደፋ፤ እኔም በላዩ ሄድኩ። መፍቻው ወለሉን ሞላው። ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል ጋሽ ሜትሩ እንደዚያው ነበር፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጎብጦ፣ የሌለ ጋሪ እንደያዘ። ሊቃና አልቻለም። እኛ በሁለት ጎኑ ገብተን እንደ ታጣፊ ወንበር አጣጥፈን አስገባነው።

ቅዳሜ ጠዋት አለቃው በሰዓቱ መጣ። ወፍራም፣ ትሑት ሰው ነው። መጀመሪያ ጋራዡን አየ፤ ከዚያ ጋሽ ሜትሩ የተኛበት ክፍል ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ከባዱን ሁሉ ላይ የጫነው ማን ነው?»

«እኔ።»

«አንተ? ስንቱን ሰው ያስተማርክ?»

«ታች ባደርገው ማን ያነሳልኛል?»

አለቃው ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አሽከረከረው።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ይቅር» አለች ድንገት። «አትውሰድ። እኔ ነኝ የጠራሁህ፤ እኔው መለስኩህ። ሲሻለው ሌላ መላ እንፈልጋለን።»

 ጋሽ ሜትሩ ግን ጣሪያውን እያየ፣ «ይውሰድ» አለ።

«አልሸጥም እያልኩህ!»

«የወገቤን ሕመም ለምጄዋለሁ። ትናንት ግን ከዚያ መሳቢያ ሥር ያየሁት ያንቺን ጭንቅላት ነው። እሱን አልለምደውም። ይውሰድ።»

ዕቃው ተጫነ። አለቃው ሊሰናበት ሲገባ ጋሽ ሜትሩ እጁን ያዘው። «አሥራ ሰባት ቁጥሩ መፍቻ አፉ ተበልቷል። በሰው እጅ ላይ ሳያመልጥ ጣለው፤ አደራ።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰኞ ዕለት ደሜ እንደፈላ ሻጩ ጋ ሄድኩ። የነገርኩትን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ አጫጫኑን አላወቁበትም» አለኝ። ይባስ ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ወረቀቱ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይናገራል፤ ኪሎው የት እንደሚቀመጥ አይናገርም፤ እሱም አይናገርም፣ እኛም አንጠይቅም። ቀለሙን ጠየቅን። ዋጋውን ጠየቅን። ይበቃናል አልን። እኔማ አጨበጨብኩ።

ስለዚህ እናንተን ልለምናችሁ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ባለ መሳቢያ ጋሪ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አሁኑኑ አስቀምጡና ሂዱ። ከባዱን ሁሉ ወደ ታች አውርዱት፤ አንዱን መሳቢያ ሳትዘጉ ሌላውን አትክፈቱ። ወገቡ የማይታዘዝለት ሰው አብሯችሁ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እናንተ ጎንበስ በሉለት።