የኩርባው ክላክስ

ጋሽ ሽበሺ ሻይ ቁጭ ብለው ሲጨርሱ አይቼ አላውቅም። ብርጭቆውን እንደያዙ በር ላይ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ፤ ሻዩም ይቀዘቅዛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ቢወጡም እግራቸው ገና ፍሬን አልያዘም።

አዲሱ አስፋልት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። ከጅማ ወደ አጋሮ የሚወስደው የድሮው መንገድ ኮረብታውን እየዞረ በደጃችን ያልፍ ነበር። ጣሊያን ቀደደው ይባላል፤ ጠጠር ሆነ፣ አስፋልት ሆነ፣ ኩርባው ግን እንዳለ ኖረ። አዲሱን የሠሩት ሰዎች ኮረብታውን ለሁለት ቆርጠው መንገዱን ቀጥ አደረጉትና እኛ ከነኩርባችን ወደ ጎን ቀረን። ምግብ ቤቱም ጎሚስታውም ቆርቆሮውን እየነቀለ ወደዚያ ወረደ። የእኛ አስፋልት የቡና ማስጫ ሆኗል፤ ዶሮ መሀል መንገድ ላይ ተኝታ ትውላለች።

የቀረነው እኔ በሱቄ፣ የጋሽ ሽበሺ ባለቤት እትዬ ብርሃንነሽ በሻይ ቤታቸው ነበርን። ለእሳቸው በአዲሱ መንገድ ዳር ቦታ ተገኝቶላቸው ነበር፤ እስከ ዓርብ ካልገቡበት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች!

"እዚህ ማን ሊመጣልን ነው? ዶሮዋ?" ይላሉ ጋሽ ሽበሺ።

እምቢ ያሉበትን ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ ብርሃንነሽ ልጃገረድ ሳሉ እናታቸው እዚሁ ኩርባ ላይ ሻይ ይሸጡ ነበር። ቡና የጫነ አንድ ኤንትሬ መኪና ባለፈ ቁጥር ክላክሱን ያስጮኸዋል፤ እትዬ ሻይ ይዘው ብቅ ይላሉ፤ ሹፌሩ ቆሞ ይጠጣል። ሹፌሩ ጋሽ ሽበሺ ነበሩ። በዓመቱ ሽማግሌ ተላከ። እትዬ ብርሃንነሽ ይህን አውርተው አይጠግቡም፤ እኔም ወላሂ ሰምቼ አልሰለቸሁም። "የተጠራሁበትን ቦታ ትቼ የትም አልሄድም" ይሉ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት አናጢው ቱሉ መዶሻና ፒንሳ ይዞ መጣ። የጠሩት ጋሽ ሽበሺ ናቸው። እትዬ ብርሃንነሽ በሩ ላይ ተገትረው ቆሙ።

"ቆርቆሮዬን የሚነካ የለም!"

ጋሽ ሽበሺ ወዲያ ወዲህ ሲንቆራጠጡ ቆዩና ፈነዱ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ክላክሱ እኮ ለኩርባው ነበር! የትኛውም ሹፌር ኩርባ ላይ ክላክስ ያደርጋል፣ ከፊት የሚመጣው እንዳይገጨው! አንቺን መች አውቄሽ!"

"ማሎ፣ ኧረ ይተዉ፣ ጋሽ ሽበሺ!" አለ ቱሉ።

ራስ ሲመለጥ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል። ጋሽ ሽበሺ ግን ወዲያው ታወቃቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

እትዬ ብርሃንነሽ አላለቀሱም። ኩርባውንና የተሰጣውን ቡና ለረጅም ጊዜ አዩ። ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ ጋሽ ሽበሺን በጥፊ ብላቸው ደስ ባለኝ። ከዚያ እትዬ ፒንሳውን ከቱሉ ተቀብለው በርጩማ ላይ ወጡና የመጀመሪያውን ሚስማር ራሳቸው መንቀል ጀመሩ።

"ብሬ" አሉ ጋሽ ሽበሺ ከታች ሆነው፣ "እሱ እኮ የመጀመሪያ የመጀመሪያው ነው። የኋለኛው ላንቺ ነበር።"

"ከየትኛው ቀን ጀምሮ?"

ጋሽ ሽበሺ ጣታቸውን እያጠፉ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመሩ። እትዬ ወደ ሚስማራቸው ተመለሱ።

ዛሬ ሻይ ቤቱ በአዲሱ መንገድ ዳር ነው፤ ገበያውም ደርቷል። መኪናው ቀጥ ብሎ ይከንፋል፣ ክላክስ የሚያደርግ የለም። ጋሽ ሽበሺ በየጠዋቱ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ የተሰጣውን ቡና እየዘለሉ ኩርባውን ይወጡታል፣ ይወርዱታል። ባለፈው ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆም አሉ።

"ሳሊሀ፣ ቀኑን አገኘሁት መሰለኝ። ዝናብ ነበር፣ ነጠላዋን ተከናንባ ሻዩን ውሃ እንዳይገባበት በእጇ ከድና…"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይ፣ ከዚያም በፊት ነው" ብለው ተመልሰው ኩርባውን ያዙት።