ሁለት ሰዓት ከሩብ መቀመጥ

ሜልቦርን ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ቀን አንድ የብስኩት ፋብሪካ አቁሜያለሁ። ያውም በታማኝነት!

አለቃዬ ግሬግ ይባላል። የፋብሪካና የመጋዘን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮችን የሚጠግን ትንሽ ድርጅት ነበረው። እኔ አዲስ አበባ የክር ፋብሪካ ውስጥ አሥር ዓመት ኤሌክትሪሽያን ስለነበርኩ ሞተር አያስፈራኝም፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ገና ጀማሪ ነበርኩ። ግሬግ "ታዴ፣ ዛሬ ዝም ብለህ እይ፣ አቧራውን አራግፍ" ብሎኝ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ።

ከኮምፒውተሩ ጀርባ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ዩኤስቢ ተሰክታ አየሁ። ሰው ረስቷት የሄደ መሰለኝ። የሰው ዕቃ ነው፣ እንዳይጠፋ ብዬ ነቀልኳት፤ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የብስኩቱ መስመር ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ "ላይሰንስ አልተገኘም" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ግሬግ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ በላብ ተጠምቆ ሲፈልግ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ባትሪ አበራለታለሁ። ዩኤስቢዋ ኪሴ ውስጥ ናት እኮ!

"ታዴ፣ ምንም አልነካህም አይደል?"

"ኧረ ምንም! ሰው የረሳትን ይህችን ብቻ አነሣሁ" ብዬ ወረቀቱን ፈትቼ ሰጠሁት። እዚያው መሬት ላይ ዘርፈጥ ብሎ ሳቀ፤ ባለ ፋብሪካው ግን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኖቹን የሚያዘው ፕሮግራም የተገዛ ነው፤ ላይሰንሱ፣ ማለትም የግዢው ማረጋገጫ፣ የሚቀመጠው በዚያች ዩኤስቢ ላይ ነው። እኛ ቁልፍ እንላታለን። ፕሮግራሙ ቁልፏን ካጣ ወዲያው አይቆምም። ለሙከራ ተብሎ ሁለት ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ ይዘጋል። ይህን ሁለት ሰዓት ያዙልኝ።

ለዚህ ነው ግሬግ አንድ ሕግ የነበረው። መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ላይ ምንም ነገር ከነካህ አጥፍተህ ታስነሣለህ፣ ከዚያም ሁለት ሰዓት ከሩብ እዚያው ትቀመጣለህ። "ማሽኑ ተንቀሳቀሰ ማለት ተሠራ ማለት አይደለም" ይለኝ ነበር። ለዓመታት ተቀመጥኩ። ቂጤ እስኪደነዝዝ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያ ቀኔን ታሪክ ደግሞ በየሄድኩበት የምሳ ክፍል እያወራሁ ሰው አሳቅሁበት። "የማያውቅ ሰው ካገኛት ይነቅላታል!" እላለሁ። ይህ አፌ በኋላ ጉድ ሠራኝ።

ላቨርተን ኖርዝ በሚባል የሜልቦርን ሰፈር ብዙ ዓመት የማገለግለው አንድ ትልቅ መጋዘን ነበር። ካርቶኖቹን ወደየመኪናው የሚያደርሰው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ በአንድ ኮምፒውተር ይታዘዛል። እዚያ የሚያጸዱት እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። በስደት ሱዳን ኖረው የመጡ፣ ሰላምታቸው የማያልቅ ሴት። ባለቤቴን፣ ልጆቼን በስም እየጠሩ ይጠይቃሉ። ልጆቼ በስልክ በእንግሊዝኛ ሲመልሱላቸው እሳቸው ግድ የላቸውም፣ በአማርኛ ይመርቋቸዋል።

አንድ ቀን ጠዋት የዚያን ኮምፒውተር ጸረ ቫይረስ ላድስ ሄድኩ። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። 8፡31 ላይ ጨርሼ ኮምፒውተሩን አስነሣሁ። ቀበቶው ሄደ። ሁለት ሰዓት ከሩብ መቀመጥ ነበረብኝ። ግን ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ክሬጊበርን፣ ለቅሶ አለብኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ወንድማችን የእናቱን መርዶ ተረድቷል። ቀብሩ አገር ቤት ቢሆንም ቤቱ በሰው ይሞላል። ከሁሉ ኋላ ደርሼ ምን ፊት ይዤ እገባለሁ? አምስት ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ ወጣሁ።

ለቅሶ ቤት ገብቼ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብዬ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ማርቲን ነው።

"10፡31 ላይ ሁሉም ነገር ቆመ። ላይሰንስ የለም ይላል። መኪናዎቹ ተሰልፈዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት የነካካችው፤ አሥር ሰዓት ላይ ክፍሉን ስታጸዳ ነበር።"

እውነቱን ልናገር፣ መኪና ውስጥ እኔም ጠረጠርኳቸው። እንዲያውም "ምን አስነካቸው?" ብዬ ተበሳጨሁ።

ስደርስ እትዬ ወርቅነሽ ምሳ ክፍሉ ውስጥ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ታደሰዬ፣ እኔ ጠረጴዛውን ነው የወለወልኩት፤ ጨርቁም ደረቅ ነው። ምንም አልነቀልኩም፣ ማርያምን! የቀጠረኝ ኤጀንሲ ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ይልካል አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?"

"ይቆዩ፣ አይነሡ፣ መጣሁ" አልኳቸውና ወደ ማርቲን ገባሁ።

ቁልፏ በቦታዋ ተሰክታለች። "ታዲያ አለች እኮ" አልኩት።

"ነቅላ፣ ደንግጣ መልሳ ሰክታታለች። የማያውቅ ሰው ይነቅላታል ብለህ የነገርከን አንተ አይደለህም?"

ክው አልኩ። እትዬ ወርቅነሽን የከሰስኳቸው እኔ ነኝ፣ ያውም በቀልዴ።

ቁልፏን ነቅዬ የራሴ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁ። ላይሰንሱ ተነበበ፤ ቁልፏ ጤነኛ ናት። መልሼ ሰካኋትና ኮምፒውተሩ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል ከፈትኩ። ቁልፍ ሲነቀልና ሲሰካ ይጻፋል፤ እኔ አሁን ከነቀልኩት በቀር አንድም መነቀል የለም። ወደ ቀደሙት መስመሮች ወጣሁ። "ላይሰንስ አልተገኘም፣ የሁለት ሰዓት ሙከራ ተጀመረ" የሚል መስመር አገኘሁ። ሰዓቱ 8፡31።

ከ10፡31 ላይ ሁለት ሰዓት ሲቀነስ 8፡31። ይህን ስሌት ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እሳቸው ክፍሉ የገቡት አሥር ሰዓት ላይ ነው። በ8፡31 እዚያ ኮምፒውተር ላይ የነበረው እጅ የእኔ ነው።

ምክንያቱም ወዲያው ተገኘ። አዲሱ ጸረ ቫይረስ ቁልፏን የሚያነበውን ፋይል እንደ ሌባ ቆጥሮ አግዶታል። እገዳውን አነሣሁ፣ ሁለተኛ እንዳይነካው አዘዝኩት፣ ኮምፒውተሩን አስነሣሁ። ላይሰንሱ ተገኘ። ቀበቶው ሄደ። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

ለግሬግ ደወልኩ። "ሪፖርቱ ላይ የሶፍትዌር ችግር ብለህ ጻፍ፤ ውሸትም አይደለም" አለኝ።

"የሶፍትዌር ችግር ካልኩ 'እሷ ነክታው ነው' ይላሉ። ሴትዮዋ በእኔ ጥፋት ከሥራ ልትወጣ ነው።"

"ታዴ፣ ደንበኛውን ልናጣው እንችላለን።"

"እንጣው።"

በመጨረሻ "እንግዲህ በስምህ ጻፍ" አለ። በስሜ ጻፍኩ፦ 8፡31 ላይ እኔ በሠራሁት ለውጥ ላይሰንሱ ጠፋ፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ መጠበቅ ሲገባኝ ሳልጠብቅ ሄድኩ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ምንም አልነካችም። ፈርሜ ለማርቲን ሰጠሁት።

አነበበው። "ጥሩ፣ ተሠራ አይደል? ለኤጀንሲው ግን አንዴ ነግሬያቸዋለሁ..."

"ደውልና ሌላ ንገራቸው።"

"ነገ እደውላለሁ።"

"አሁን። እኔ እዚህ ቆሜ ስሰማ።"

አየኝ። ንቅንቅ አላልኩም። ከዚያ በፊት ደንበኛን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ስልኩን አነሣና ደወለ። ስሕተቱ የእኛ አይደለም፣ የቴክኒሻኑ ነው፣ ሴትዮዋ ትቀጥል አለ። ቃል በቃል ሰማሁት።

እትዬ ወርቅነሽን ጠርቼ ነገርኳቸው።

"አንተ ነህ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እኔን እንዲህ ሲያስለቅሱኝ የት ነበርክ?"

"ለቅሶ ቤት" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። "ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ" አልኩ።

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ከሩቡን አብረን ጠበቅን፤ ምሳቸውን ከፍለው እኩሌታውን ሰጡኝ። ሰዓቱ ሞላ፣ ቀበቶው አልቆመም። ተነሥተው ነጠላቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

"ለቅሶው የማን ነው?"

"አያውቋቸውም፣ ክሬጊበርን ያሉ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው።"

"ባላውቅስ? ውሰደኝ። ዛሬ የጀመርኩት ለቅሶ አለ፣ እዚያ ልጨርሰው።"

አብረን ሄድን። እትዬ ከሐዘንተኞቹ እኩል አለቀሱ።

ግሬግ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወደዚያ መጋዘን አልላከኝም። ትክክል ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ግን በፈቃዳቸው ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ሠሩ።

እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ላይሰንስ ጠፋ ሲባል፣ ማሽኑ ሲቆም ማን አጠገቡ እንደነበር አትጠይቁ፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ማን እንደነካው እዩ። እናንተ ከሆናችሁ ስማችሁን ጻፉ። ለቅሶም ቢኖርባችሁ ሁለት ሰዓት ከሩብ ተቀመጡ።