ቤቱንም እሱ ይስጥህ

አከራያችን አራስ ሚስቴን ከነአራት ልጆቿ ከቤት አስወጣችብኝ። ምክንያቷ ኪራይ አልነበረም፤ አንድም ወር አሳልፌባት አላውቅም። ምክንያቷ አራተኛዋ ልጄ ነበረች።

ፊት ለፊት «እትዬ»፣ «እርስዎ» እላት ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሷ ናት። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ ቀን ሠርቼ ማታ እየተማርሁ ነው። ያን ሁሉ የደከምሁት እሷን በጽሑፍ ላከብር አይደለም።

ቤቱ ባሕር ዳር ነበር፤ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ግቢ፣ ከኋላ በኩል ያሉ ሁለት ክፍሎች። ግድግዳቸውን የለሰንሁት እኔው ነኝ። ሥራዬ ልስን ነው። ሥራውን ስጨርስ «ለኪራይ ነው» አለችኝ፤ ቤተሰቤን ይዤ ገባሁ። ያኔ ልጆቹ ሁለት ነበሩ። ሕጓን የነገረችን ከገባን በኋላ ነው። ልጅ ግቢ ውስጥ አይሮጥም። ኳስ የለም። ዘመድ አያድርም። ድግስ አይታሰብም። ልጆቼ በእግር ጣታቸው መሄድ ለመዱ፣ ወጥ እንደሰረቀች ድመት። ሦስተኛው ሲወለድ ሴትዮዋ ሰላምታ ከለከለችን። አራተኛዋ በነሐሴ መጨረሻ መጣች። እልል ያለልን እንኳ አልነበረም፤ ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ በእሷ በር ማለፍ ስላለበት ፈርቶ ይመለሳል።

የእንቁጣጣሽ ማግስት አስጠራችኝ።

«ሁለት ልጅ ብለህ ገባህ። ሦስት አደረግህ፣ ቻልሁ። አሁን ደግሞ አራት! ግቢዬን የሕፃናት መዋያ ልታደርገው ነው?»

«እግዜር የሰጠኝን ምን ላድርገው እትዬ?»

«እግዜር ልጅ ከሰጠህ ቤቱንም እሱ ይስጥህ። መስከረም ሲወጣ ትወጣላችሁ።»

«ሚስቴ እኮ አራስ ናት።»

«እኔ ነኝ ያሳረስኋት?»

ለሚስቴ ስነግራት አላለቀሰችም። ሕፃኗን እያጠባች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የእኛዋ ደግሞ ኅዳር ሚካኤል ላይ ይውልላታል።

«ልጄን ከየትኛው ደጅ አንስቼ ነው ቤተ ክርስቲያን የምወስዳት?» አለችኝ። «ተመልሼስ የት እገባለሁ?»

ቤት ፍለጋ ወጣሁ።

ማንበብ ከቻልሁ ወዲህ ከተማው በየግድግዳው ያናግረኛል። ድሮ ዝም ይል ነበር፤ ዝም ቢል ይሻል ነበር። «የሚከራይ ቤት። ልጅ የሌለው ይመረጣል።» ቀጥሎ ያለው ግንብ ላይም እንዲሁ። ከእነዚያ ቤቶች ውስጥ የለሰንኋቸው አሉ። ግድግዳውን በእጄ ያለሰለስሁት ሰው ልጆቼን በጽሑፍ ያባርርልኛል።

ደላላው ጢሙን ገና መላጨት የጀመረ ጎረምሳ ነበር።

«ስንት ልጅ ነው ያለህ ፋዘር?»

«አራት።»

«ዋይ! ሁለት በል።»

«አራት ናቸው እያልሁህ።»

«ገባኝ እኮ። ሁለት ብለህ ትገባለህ፣ የቀሩትን ቀስ እያልህ ታስገባለህ። ሲለምዱህ ዝም ይላሉ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው ፋዘር፣ አንተ ከየት መጣህ?»

እኔም ዋሸሁ። አልጸጸትበትም፤ ቤት የምትፈልግ ወፍም ብትሆን ትዋሻለች። ቤቱን ለማየት ስንሄድ ሁለቱን ትልልቅ ሴቶች ልጆች ጎረቤት ትተን፣ ሕፃኗንና ስድስት ዓመት የሞላውን ወንዱን ይዘን ሄድን። ልጁን መንገድ ላይ በደንብ መከርሁት፤ ሲጠይቁህ ሁለት ነን በል፣ ሌላ ነገር አትቀባጥር።

የቤቱ ባለቤት ደህና ሴት ትመስል ነበር። ቤቱን አሳየችን፣ «እነዚህ ብቻ ናቸው?» አለች፣ «እነዚህ ብቻ» አልን። ደስ አላት። ለልጁ ከድፎ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነ። ከዚያ ሳይበላ ቆመ።

«ምነው ማሙሽ? አልወደድኸውም?»

«ለእህቶቼም ይስጡኝ» አላት።

«እህቶችህ? ስንት እህት አለህ?»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ከሕፃኗ ጋር ሦስት» አለ።

ሴትዮዋ ሌላ ሁለት ትልልቅ ቁራሽ ቆርሳ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ቤቱ ለካ ተይዟል» አለችኝ። ዳቦውን ለሁሉም አዳረሰች፣ ቤቱን ነፈገችን። እስከ ዛሬ ልርገማት ወይ ልመርቃት አልወሰንሁም።

መንገድ ላይ ልጁን ልቆጣው አፌን ስከፍት ሚስቴ ቀደመችኝ። «ምን አጠፋ? ተካፍላችሁ ብሉ እያልህ ያሳደግኸው አንተ አይደለህ? ስማ፣ እኔ ልጆቼን እንደ ሌባ ዕቃ እየደበቅሁ አልኖርም። ከከተማ እንውጣ። የማንደብቃቸው ቦታ ፈልግ።»

ከከተማ መውጣት ለኔ ቀላል አልነበረም። የመጣሁት ከገጠር ነው። ከተማ የገባሁት ልጆቼ እንደኔ ሳይጎለምሱ ፊደል እንዲቆጥሩ ብዬ ነው። መራዊን አሰብሁ፤ ኪራዩ ረከስ ይላል፣ ግን ማታ ልጆቹ ሳይተኙ አልደርስላቸውም። በጢስ ዓባይ መንገድም ሄጄ አየሁ፤ የሚሆን አላገኘሁም። በመጨረሻ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ስላለ መንደር ነገረኝ። ኪራዩ የከተማውን ሲሶ አይሞላም፣ ሚኒባስም ይገባል። ለልስን የቆመው የእንጨት መወጣጫ ላይ ቆመን ነበር የምንነጋገረው፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ሰሙን።

«አንተ ሰውዬ፣ በሬውንም አብረህ ግዛ እንጂ!» አለ አንዱ።

«ተማረ ተማረና ወደ ማሳው ተመለሰ» አለ ሌላው። ሳቁብኝ። ጭቃ ወረወርሁባቸውና ወረድሁ።

መንደሩ እንደደረስሁ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ትምህርት ቤቱ ነው። ከበር የምትወጣ አንዲት ልጅ አስቁሜ ደብተሯን አስነበብኋት፤ ከእኔ አሳምራ አነበበች። ቤት የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የተገኘው ቤት የደብሩ መሪጌታ ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው አንደኛው ቤት ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው ርቀዋል፤ ሁለተኛው ቤት ባዶ ነው። ሰፊ ግቢ፣ የጭቃ ግድግዳው የተሰነጣጠቀ፣ ከስንጥቁ በኩል ሐይቁ የሚታይ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

«ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

በቃኝ አልሁ በልቤ። «ስድስት ነን። ልጆቹ አራት ናቸው። አንዷ ገና ጨቅላ ናት፣ ታለቅሳለች። ሌሎቹ ይሮጣሉ፣ ይጮሃሉ። ድግስ እደግሳለሁ። ዘመድ ይመጣብኛል፣ ያድራል። የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝና ልሂድ!»

መሪጌታ ትክ ብለው አዩኝ። «ቤት ፍለጋ ነው የመጣኸው ወይስ ጠብ ፍለጋ?»

«ሁለቱንም ለምጃለሁ» አልኋቸው።

ከውስጥ የባለቤታቸው ሳቅ ተሰማ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። «የሕፃኗ ክርስትና መቼ ነው?» አሉ። ኅዳር ሚካኤል ነው አልኋቸው። በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። «ግሩም ቀን ነው፤ የነቢያት ጾምም አይገባም። ግን በዚህ ግድግዳ ክርስትና አይደገስም። ብርዱ ልጅቱን ይገድላታል።»

«እሱን ለኔ ይተዉት። ለሳኝ ነኝ። ብቻዬን እጨርሰዋለሁ።»

«ብቻህን?» አሉ፣ ብቻዬን ልበላ ያልሁ ይመስል።

መስከረም ሳይወጣ ተጭነን ገባን። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ አንድ ጠዋት አካፋና ዶማ የያዙ ሰዎች ግቢውን ሞሉት። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ላይ ተናግረው ኖሯል። አፈር ቆፍረው ከመሩ፣ የጤፍ ጭድ በጆንያ ተሸክመው መጡ፣ ሴቶቹ ከሐይቁ ውሃ ይቀዳሉ። እኔ ስንት ዓመት በቀን ዋጋ የኖርሁ ሰው፣ የመጣልኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር። ፊት ለፊት ወደቆሙት ሽማግሌ ቀርቤ «አባቴ፣ ቀኑን በስንት ነው የምትውሉት?» አልሁ።

ሽማግሌው አካፋቸውን ተደግፈው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ለኛ ነው የቀን ሥራ የምትሰጠን?»

«ተዉት አባ» አለች እንስራ ያዘለች ሴት፣ «ከተማ ከርሞ ተበላሽቶ ነው። አክመን እናድነዋለን።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጅጌን፣ ያለ ዋጋ ተጠራርቶ መሥራትን፣ ረስቼው ነበር። እኔ ገጠር ተወልጄ፣ የአባቴ ቤት በጅጌ ተመርጎ፣ ረስቼው ነበር። ፊቴ ጋለ፤ ሱሪዬን ሰብስቤ አፈሩ ላይ ውሃ ማፍሰስ ጀመርሁ።

ጭቃው መረገጥ ነበረበት። ልጆቼ ሦስቱም ግድግዳ ተደግፈው፣ በለመዱት ዓይነት ተሰልፈው ቆመዋል። የመንደሩ ልጆች ጭቃው ውስጥ ይጨፍራሉ። ትልቋ መጥታ ሸሚዜን ሳብ አደረገች።

«አባዬ፣ እዚህ ግቢ መሮጥ ይቻላል?»

መሪጌታ ሰምተዋታል። በመቋሚያቸው ጭቃውን አመለከቱ። «መሮጥ? ርገጪ እንጂ! ሁላችሁም ግቡ፣ ርገጡ! ጭቃ ያለ ልጅ አይቦካም!»

ገቡ። መጀመሪያ በጣታቸው። ከዚያ በእግራቸው ሙሉ። ከዚያ ወንዱ ጮኸ፤ ግቢ ውስጥ ሲጮህ ሰምቼው ስለማላውቅ የማን ልጅ ነው ብዬ ዞር አልሁ። ሚስቴ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ እልል አለች። ነሐሴ ላይ የቀረባት እልልታ ነበር። ጭቃው ቦክቶ ሲደርስ በቀጣዩ ሳምንት እነዚያው ሰዎች ተመልሰው መጡ፤ ለሰንን። የለመድሁትን ያህል አልተስተካከለም፤ አንዳንዱ ቦታ የሰው መዳፍ እስከነጣቱ ይታያል። ላርመው ስል ሚስቴ ከለከለችኝ።

ጥቅምት ሊወጣ ሲል ያቺ የድሮ አከራያችን ደወለች።

«ልስኑ አብጦ ረገፈብኝ። ያንተን እጅ የመሰለ አጣሁ። ናና ሥራልኝ።»

የጣሪያው አሸንዳ እያፈሰሰ ነው፣ ይሠራ ብዬ ስንቴ ነግሬያት ነበር። እሱን አላነሳሁም። «ልጆቼን ይዤ ልምጣ እትዬ?»

«ልጆች ምን ያደርጋሉ? ሥራ እኮ ነው።»

«ልጆቼ የማይሮጡበትን ግቢ አልለስንም።»

«እንዲህ ትመልስልኛለህ? ስንት ዓመት አኑሬህ!»

«ቤቱንም እሱ ይስጥህ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ሰጠኝ።»

ስልኩን ዘጋችው። እኔ ነበርሁ ልዘጋባት የፈለግሁት፤ ቀደመችኝ።

ክርስትናዋ ሲቀርብ አንድ ነገር ጎደለ። ለመልቀቅ ስንሯሯጥ የክርስትና እናት አላሰብንላትም። የመሪጌታ ባለቤት ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «እዚሁ ቁጭ ብዬ? እኔ ነኝ የማነሣት!» አሉ። ሚስቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት።

ይህን ነገር ከእኛ አገር ሰው ውጭ የሚረዳው የለም ይሆናል። አከራይ ተከራዩን ያስወጣል፤ መብቱ ነው፣ አውቃለሁ፣ ቀምሼዋለሁ። አበልጁን ከቤቱ የሚያስወጣ ሰው ግን አይገኝም። ኪራዬን ዛሬም እከፍላለሁ። ተከራይነቴ ግን ቀርቷል።

ጠዋት በብርዱ ሚስቴ ሕፃኗን ጠቅልላ ከደጃችን ተነሳች። ልጅቱ ተጠምቃ፣ ማተቧን አስራ፣ በክርስትና እናቷ ክንድ ላይ ወደዚያው ደጅ ተመለሰች። በግ ታርዶ ነበር፣ የሐይቁ ዓሣም ነበር፣ ጭቃ የረገጠው ሁሉ መጥቷል። መወጣጫው ላይ የሳቁብኝም መጥተዋል፤ ሁለቱ ስለ ኪራይ ሲጠይቁኝ አመሹ። ልጆቼ በግቢው ውስጥ ሮጡ፤ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

ነገሩ ያለቀው ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ በዕለተ ሚካኤል ነው።