ስሙን የዋሸሁት ቁጥቋጦ

እሑድ

እህቴ ሰብለ ከቅዳሴ ስንወጣ "አሁን ቤት ገብተን ምን እንሠራለን? አርቦሬተም እንሂድና እግራችንን እናፍታታ" አለች። እሷ ጊጊሪ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻውን፣ ፎርም ፎርን፣ ጨርሼ ሳውዝ ሲ ሰፈር እሷ ቤት ተቀምጬ ውጤት እጠብቅ ነበር።

የዛፍ መናፈሻው ውስጥ ስንንሸራሸር አንድ ቁጥቋጦ አስቆማት። ቅርንጫፎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ወደ መሬት ይደፋሉ። አበባው ብርቱካንማ ቀይ ነው፤ እንደ ትንሽ ሳህን ክብ ሆኖ ከመሃሉ ቀጭን ቱቦ ወጥቶለታል።

"ታቦት ሲወጣ የሚያዘውን ጥላ ይመስላል፣ ተገልብጦ" አለች። "ባዮሎጂ የተማርከው አንተ ነህ። ስሙ ማነው?"

አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት አሳፈረኝና "ፍሎራ ኬንያና" አልኳት።

"አይ ናሆም፣ እኔ ደግሞ የከፈልኩልህ ገንዘብ ባከነ ስል ነበር።"

ማታ አዲስ አበባ ለእናታችን ስትደውል ስሙን አንድ ፊደል ሳትስት ነገረቻት።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የተሳፈረችበት ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አስከሬኗ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እኔ አልሄድኩም። ፓስፖርቴ ለመኖሪያ ፈቃድ ኢሚግሬሽን ገብቶ ነበር። አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ።

አርባዋ ሊደርስ ዐሥር ቀን ገደማ ሲቀረው እናቴ ደወለች። "ናሆሜ፣ ያን የወደደችውን አበባ መቃብሯ ላይ ልተክለው ነው። ፍሎራ ኬንያና ነው አይደል? ከአንዱ ችግኝ ሻጭ ወደ ሌላው እየዞርኩ ነው።"

"አዎ እማ" አልኳት። ይሄ ሁለተኛው ውሸቴ ነው። ጉልበቷን የሚያማት ሴት እኔ በፈጠርኩት ስም ከተማውን ትዞራለች። እውነተኛውን ስም ፈልጌ ልነግራት በማግስቱ ተነሳሁ።

ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት

ከሳውዝ ሲ እስከ መሃል ከተማ በማታቱ ሠላሳ ሽልንግ ከፈልኩ። ከዚያ ወደ አርቦሬተም ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ያዘው። ቁጥቋጦው አበባውን አላረገፈም። ረግፎ የምደርስ መስሎኝ ነበር። አጠገቡ ትንሽ ተቀመጥኩ።

አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ መቀሳቸውን ይዘው መጡ። በስዋሂሊ "ምዜ፣ የዚህ ስም ማነው?" አልኳቸው፤ አባባ ማለቴ ነው።

"አበባ።"

"የትኛው አበባ?"

"ቀዩ።"

ለምን እንደምፈልገው ስነግራቸው መቀሱን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ልጄ፣ እኔ አጠጣዋለሁ እንጂ ክርስትና አላነሳሁትም" አሉ። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው በእርጥብ ጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። "ዌስትላንድስ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። የሚሸጥ ሰው ስም አያጣም።"

ዌስትላንድስ፣ ስድስት ሰዓት

መንገዱ ተዘጋግቶ ማታቱው አልንቀሳቀስ ሲል ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ቅርንጫፉን እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ። ሰው ያየኛል፤ ይየኝ።

ችግኞቹ በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድረዋል። የመጀመሪያዋ ሻጭ አላውቀውም አለችና በፅጌረዳ ልታባብለኝ ሞከረች። ሁለተኛዋ፣ ማማ ዋምቡይ፣ አበባውን በጣቷ ገልብጣ አየችው።

"ይህማ የቻይና ባርኔጣ ነው። ባለ ትልቅ ግቢዎቹ ደግሞ ሆልምስኪዮልዲያ ብለው ይጠይቁኛል።" ሁለቱንም ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጻፈችልኝ። "የት ልትተክለው ነው?"

"አዲስ አበባ። እህቴ መቃብር ላይ።"

"ፖሌ" አለችኝ፤ አይዞህ ማለቷ ነው። አፈር በነካው እጇ እጄን ያዘችኝ። "ሌሊት ይበርዳል እዚያ?"

"ይበርዳል።"

"እንግዲያው እውነቱን ልንገርህ፣ ብርድ አይወድም። አይይዝም ይሆናል።"

ቤት የገባሁት ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ቅርንጫፉን ውሃ ውስጥ አኖርኩት። ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ዓርብ ጠዋት

ከሱቅ ካርድ ገዝቼ ሞላሁና ደወልኩ።

"እማ፣ ፍሎራ ኬንያና የሚባል ተክል የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።" እውነተኛውን ስም ነገርኳት። ብርድ እንደማይወድም ነገርኳት።



"የለም?" አለች። "ታዲያ ሦስት ሰዎች የሸጡልኝ ምንድነው?"

"ምን ሸጡልሽ?"

"አንዱ ባለ ሰፊ ቅጠል ነው፣ አንዱ እሾሃም። አንዱ ገና ሁለት ቅጠል ብቻ አለው። ሦስቱም 'እሱው ነው እትዬ' ብለው ማሉልኝ። ለአርባዋ እንዲይዙ ብዬ ትናንት ሦስቱንም ተከልኳቸው።"

"ይቅር በይኝ እማ።"

"አንተስ ልጅ ነህ፤ እነዚያ ሽበታሞች ናቸው የሚምሉት።" ልትስቅ ጀምራ ተወችው። "አሁን ተነቅለው የት ይሄዳሉ፣ ይደጉ። ይልቅ ያን እሑድ ንገረኝ። ምን ለብሳ ነበር? ስለ ሞቷ ሁሉም ነገሩኝ፤ ስለዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም።"

አረንጓዴ ሹራቧን ነገርኳት። ጫማዋ ጠቧት አውልቃ ሣሩ ላይ በካልሲ መሄዷን፣ ኦቾሎኒ ገዝታ ግማሹን ለጦጣዎቹ መበተኗን፣ አንዱ ጦጣ ጥቅልሉን ከነወረቀቱ ቢነጥቃት ከኋላው መሮጧን። እዚያ ላይ ካርዱ አለቀ። ወደ ሱቁ ወርጄ ሌላ ገዛሁ፣ ደወልኩ፣ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።