ከጉንዳን አፍ

ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አሶሳ ገበያ አጠገብ በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ የአንድ ጥንዚዛ እግር በመርፌ ጫፍ እየዘረጋሁ ነበር። ክረምት ስለሆነ ብርሃን የማገኘው ከበሩ ነው። ብርሃኑ ድንገት ሲጠፋ ቀና አልኩ። ሦስት ፖሊሶች በሩን ሞልተውት ቆመዋል። አንደኛው ግድግዳው ላይ ለማድረቅ የሰቀልኩትን ነጭ አንሶላ አየና ለጓደኞቹ በአገጩ አሳያቸው።

ነገሩ ሁሉ ያ አንሶላ ነው። በመንጌ መንገድ ካለው ጉብታ ላይ ማታ ዘርግቼው ከጎኑ መብራት አብርቼ ነበር። በጨለማ የሚበርሩ ነፍሳት ብርሃን አይተው ይመጣሉ፣ አንሶላው ላይ ያርፋሉ፣ እኛ እንለቅማቸዋለን። ሥራችን ይኸው ነው። ከሩቅ ያየ ሰው ግን ጫካ ላሉት ታጣቂዎች ምልክት የምሰጥ መስሎት ለቀበሌ ተናገረ። በዚያ ሰሞን ሰው ለመታሰር ከዚህ ያነሰም ይበቃው ነበር።

ዓይነ አፋር ነኝ። ወዴት እንደሚወስዱኝ እንኳን አልጠየቅሁም። የተናገርኩት ጥንዚዛዎቹ ያሉባቸውን ሣጥኖች ማንሳት ሲጀምሩ ነው።

“እባካችሁ አታጋድሟቸው።”

“እንቁላል ነው እንዴ?” አለ ከሦስቱ ወጣቱ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

አሮጌው የእንጨት ሣጥን አልከፈት ሲለው ክዳኑን በሳንጃ ፈለቀቀው። ክዳኑ ከዚያ በኋላ አልገጠመም።

ያ ሣጥን ከአዲስ አበባ ከምሠራበት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በአደራ ያመጣሁት ነው። በውስጡ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የውጭ አገር መንገደኛ ከዚህ አገር የወሰዳቸው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የተመለሱልን፣ አረንጓዴ የሚያብለጨልጩ የእበት ጥንዚዛዎች ነበሩ። እያንዳንዱ በእስፒል ተሰክቷል፤ በየእስፒሉ ሥር ቁራጭ ወረቀት አለ፤ “ቤኒ ሻንጉል፣ 1900” ይላል፤ ከዚያ የመንገደኛው ስም። ያንን ጥንዚዛ ከዚያ ወዲህ ያገኘው ሰው የለም። ዛሬም እንዳለ ከነዚህ ጋር እያመሳከርኩ ለማየት ነበር የመጣሁት። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሣጥኑን ሲያስረክቡኝ የመንገደኛውን ስም በጣታቸው እየነኩ፣ “ሰብሳቢው እሱ ነው ይላል። እሱ በበቅሎ ላይ ነበር፤ እበት ውስጥ እጁን የከተተው ሌላ ሰው ነው። የዚያን ሰው ስም ማንም አልጻፈም” አሉኝ።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል ጠባብ ነው። የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ እጅ የማይደርስበት መስኮት። የሽንትና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ፊቴን መታኝ። ጥግ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከመንጌ ናት፤ ወንዝ ዳር ወርቅ የምታጥብ የበርታ ሴት። የወንድሟ ልጅ ጫካ ገባ ስለተባለ እሱ እስኪመጣ እሷን ያዟት።

“አንቺ ምን ሰረቀ?” አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ።

“ምንም። ጥንዚዛ ስሰበስብ ነው።”

“ጥንዚዛ? ይበላል?”

“አይበላም። እናስቀምጠዋለን።”

“ታስቀምጣለች!” አለች ለግድግዳው። “ወላሂ፣ መንግሥት ልክ ነው። አንቺ ያስፈራል።”

ከታሰርኩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ከአዲሶቹ ጥንዚዛዎች የአንዱን መለያ ወረቀት በሁለት ጣቱ ይዞታል።

“ይህ ቁጥር ምንድን ነው?”

“ጥንዚዛው የተያዘበት ቦታ ከፍታ ነው።”

“ለጥንዚዛ ከፍታ ምን ይሠራለታል? አውሮፕላን ነው?” ጸሐፊው ሳቀ። መርማሪው ግን ድምፁን አለሰለሰ። “አየሽ እህቴ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ። የምንፈልገው የላከሽን ሰውዬ ነው። መብራቱን ለማን እንዳስበራሽ እሱ ያውቃል።” አስቀድሞ ቃል የተጻፈበት ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። አስተማሪዬ ለታጣቂዎች ምልክት እንድሰጥ እንዳዘዙኝ ይላል። “ፈርሚና ሣጥኖችሽን ይዘሽ ሂጂ።”

አልፈረምኩም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ ፈርቼ ብዕሩን ሳልነካ ወንበሩን ጨብጬ ተቀምጬ ነበር። እሱም አልተቆጣም። “ጊዜ አለን” አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ከዝናብ በኋላ ጉንዳን መጣ። ከመስኮቱ ቀጭን መስመር ሠርቶ ይወርድና ከወለሉ አጠገብ ባለች ስንጥቅ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይገባል። ቀጣዩ ክፍል የተያዘ ዕቃ የሚቀመጥበት ነው፤ ፖሊሶቹ ኤግዚቢት ቤት ይሉታል። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። በኋላ ሲመለሱ አየሁ። አንዷ የሆነ ነገር ተሸክማ ግድግዳውን ትወጣለች፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሲነካው አብለጨለጨ። አረንጓዴ።

እግር ነበር። ከኋላዋ ሌላዋ የክንፍ ሽፋን ስብርባሪ ይዛለች።

የትኛው ሣጥን እንደሆነ ማየት አላስፈለገኝም። ጣሪያው ሲያፈስስ ርጥበቱ አለስልሷቸዋል፤ ክዳኑ ክፍት ነው። መቶ ዓመት የቆየው ነገር እየተቆራረጠ በፊቴ ያልፍ ጀመር።

በሩን ደበደብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። መርማሪው ዘንድ ሲያቀርቡኝ ቃላቱ ተደራረቡብኝ። “ጉንዳን ገብቶበታል። ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጉልኝ፤ የጠረጴዛውን እግሮች ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሟቸው፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም።”

“ይህ ቀላል ነው” አለ፤ ያንኑ ወረቀት አወጣ። “ፈርሚ፤ አሁኑኑ ራሴ አወጣልሻለሁ።”

ብዕሩን ያዝኩ። ይህን አልደብቅም። አስተማሪዬ ሽማግሌ ናቸው፣ አዲስ አበባ ናቸው፤ ምናልባት ምንም አያደርጓቸውም ብዬ አሰብኩ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የነገሩኝ ነገር ግን መጣብኝ። ያላየሽውን መለያ ላይ አትጻፊ፤ የጠፋ ጥንዚዛ አንድ ጉድለት ነው፤ የውሸት ቦታ የተጻፈበት ግን ከሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያሳስታል ይሉ ነበር። ስንቱን መለያ በዚያ ሕግ ጽፌአለሁ። እጄ ሌላ አጻጻፍ አያውቅም።

“ይህን አላየሁም” አልኩት።

“ምኑን?”

“እዚህ የተጻፈውን።”

ብዕሩን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ መለሰ። “እንግዲያውስ ጉንዳን ይብላው።”

ተመልሼ ስገባ ሴትዮዋ ግድግዳው ሥር ተንበርክካለች።

“ምን አለ?”

“ፈርሚ አለኝ።”

“ፈረመ?”

“አልፈረምኩም።”

“ኸላስ፣ በቃ” አለች። “ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ጉንዳን እኛ እናስራለን። እነሱ ብቻ ነው የሚያስረው?”

ልብስ የምታጥብበት ቁራጭ ሳሙና ነበራት። ስንቅ የሚያመጣላት ሰው ስላልነበረ ሌላ እንደማታገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። በምራቋ እያለሰለሰች ስንጥቋን ደፈነቻት። አንድ ጉንዳን ለማሳለፍ የሚበቃ ቀዳዳ እንኳን አልተወችም። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከቀሩት ጉንዳኖች የያዙትን ቀማቻቸው። ሌባ ጣቷን በምላሷ ታረጥባለች፣ ቀስ አድርጋ ታስነካለች፣ ታነሳለች። ወርቅ ከአሸዋ የምትለየው እንደዚያ ነበር መሰለኝ። የሻርፔን ጫፍ ዘረጋሁላት። ሦስት እግር፣ የክንፍ ሽፋን ስባሪ፣ የተሰነጠቀ ራስ።

“ይሄ ብቻ?” አለች ቋጠሮውን እያየች። “ለዚህ ነው የጮኸ?”

“ለዚህ ነው።”

ራሷን ነቀነቀች። “ሥራ ነው” አለች፤ ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር አላወቅሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለቀቁኝ። ከአዲስ አበባ ስልክ ተደውሎ ነበር አሉ። ተሳስተናል ያለኝ የለም። “ውጪ” ብቻ። ከመውጣቴ በፊት ሴትዮዋን ስሟን ጠየቅኋት።

“ለምን? ለክስ ነው?” አለችና ሳቀች። ከዚያ እስከ አያቷ ድረስ ነገረችኝ።

መርማሪው ሣጥኖቹን ደረደረልኝ። አዲሶቹ ደህና ነበሩ። የአሮጌውን ክዳን አነሳሁ። እስፒሎቹ በሰልፍ ቆመዋል፤ በየሥራቸው “ቤኒ ሻንጉል፣ 1900” የሚለው ወረቀት አለ፤ ከላዩ ምንም የለም፤ ጉንዳኑ ሌላ መንገድ አላጣም ነበር።

“ይኸው፣ አንድም ሣጥን አልጎደለም” አለ። “ንብረቴን በሙሉ ተረክቤያለሁ ብለሽ ፈርሚ።”

“በሙሉ” የሚለውን ሰረዝኩት። በላዩ ላይ “እስፒልና ወረቀት” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አነበበው። ማኅተሙን መታበት።

አስተማሪዬ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሣጥኑን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ምን እንድፈርም እንደቀረበልኝ ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን ሙዚየሙ ውስጥ ያ መሳቢያ በእኔ እጅ ነው። ጉብኝት የሚመጡ ተማሪዎች ጥንዚዛ ለማየት ይከፍቱትና ባዶ እስፒል በሰልፍ ቆሞ ሲያዩ ተሳስተው የከፈቱ ይመስላቸዋል። ሴትዮዋ መቼ እንደወጣች፣ ጨርሶ መውጣቷንም፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የወንድሟ ልጅ ነገር ስላልተዘጋ ስሟን እዚህ አልጽፍም። አንድ ቦታ ጽፌዋለሁ፤ ይበቃል።

በተለቀቅኩ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ያችኑ ክፍል ከፍቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። የሻርፔን ቋጠሮ ፈታሁ። የተረፉትን ሦስት እግሮች፣ ስባሪውንና ራሱን በትንሽ ካርቶን ላይ በሙጫ አጣብቄ ከባዶዎቹ እስፒሎች በአንዱ ላይ ሰካሁት። በሙያችን አሮጌ መለያ አይነሳም፤ አዲሱ ከሥሩ ይጨመራል። ስለዚህ የመንገደኛው ወረቀት እንዳለ ቀረ። ከሥሩ በቀጭን ብዕር “አሶሳ፤ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶች ክፍል፤ ከጉንዳን አፍ” ብዬ ጻፍኩ። ሰብሳቢ በሚለው ቦታ የራሴን ስም ልጽፍ ብዕሩን አስጠጋሁና ተውኩት። የሷን ስም ጻፍኩ፣ እስከ አያቷ።