በሁዳዴ ዋዜማ የጻፍሁት ደብዳቤ

የእህቴ ልጅ ሰብለ ባንክ ቤት ትሠራለች። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ ጎንደር ካለው ቤቴ ጎራ ብላ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ሥራዬን ልለቅ ነው» አለችኝ። ኬክ ልትጋግር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ለሰርግና ለልደት እየጋገረች በሰፈሩ ስሟ ተነሥቷል፤ በዚህ በጥርማ እንቅልፍ አጥታ ነው የከረመችው። እናቷ ነገሩን እንደ ሰማች ራሴን አመመኝ ብላ ተኝታለች። እኔ ዘንድ የመጣችው አማላጅ ፍለጋ መሆኑ ገባኝ።

«ደብዳቤውን መቼ ነው የምታስገቢው?» አልኋት።

«በዚህ ሳምንት መጨረሻ።»

«ጾም መቼ እንደሚገባስ አይተሻል?»

የጃጀሁ መስሏት በሐዘኔታ አየችኝ። እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። የሳቅሁት በእሷ አልነበረም፤ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ በሠራሁት ሥራ ነው።

ያን ጊዜ አይከል ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። የመጣ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፣ የተጠየቀ ፋይል አወጣለሁ፣ ያወጣሁትን መልሼ አስገባለሁ። ክፉ ሥራ አልነበረም። ጥላ አለው፣ ወንበር አለው፣ ጡረታ አለው። አባቴ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ የሚኖር ገበሬ ነበር። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ እኛ እስከ እኩለ ቀን እንሠራለንና በመስኮቱ በኩል ያልፋል፤ ቆም ብሎ ያየኝና ምንም ሳይናገር ይሄዳል። አንድ ቀን ምነው ገብተህ አትጠይቀኝም ብለው፣ «ተቀምጠህ ማየቱ ይበቃኛል» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለቆመ ሰው፣ ልጁን ከጥላ ሥር ተቀምጦ ማየት ትልቅ ነገር ነበር። ይህን ያኔም አውቀው ነበር፤ ለዚህ ነው ነገሩ የከበደኝ።

ልቤ ግን ካሜራዬ ላይ ነበር። ጎንደር ፒያሳ ከአንድ አሮጌ ፎቶ አንሺ የገዛሁት፣ የቆዳ ማኅደሩ የተላላጠ ካሜራ ነው። በእሱ ሰርግ አነሣለሁ። በዚያች ዓመት ጥር ሲገባ ልጁን ያልዳረ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው ስሮጥ፣ ጠጅ ሲቀዳልኝ፣ ሙሽራዋ ቀና እንድትል ሚዜዎቹን ሳስለምን ወሩ አለቀ። ሰኞ ሰኞ መዝገብ ቤት ስገባ የፋይሉ አቧራ ያስነጥሰኛል። አንድ ማለዳ ቁጭ ብዬ አሰብሁና፣ በአንድ ወር ይህን ያህል ሰርግ ካለ በዓመት ሲሆንማ ብዬ ጥርን በዐሥራ ሁለት አባዛሁት። ከዚያ የስንብት ደብዳቤዬን ጻፍሁ።

የካቲት ገብቶ ነበር፤ ቀኑም ዓርብ ነበር። አለቃዬ አቶ አድማሱ የቄስ ልጅ ናቸው። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አስበህበታል?»

«አንድ ወር ሙሉ።»

«ሰኞ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ሁዳዴ ይገባል።»

«ሸጋ። በሁዳዴ ማን ያገባል?»

 ጾም መግባቱን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ቅበላ ነው እያልሁ ሥጋ ስበላ ነው የሰነበትሁት። ከሆዴ ጋር እንጂ ከካሜራዬ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። ሃምሳ አምስት ቀን፣ ዳስ የለ፣ ሙሽራ የለ። አቶ አድማሱ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሳቁም። ደብዳቤውን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ያልወሰድኸው የዓመት ፈቃድ አለህ፤ ውጣበት» አሉኝ። «ከፋሲካ በኋላ ና። ቅደደው ካልኸኝ እቀደዋለሁ፤ ምራው ካልኸኝ ወደ ሠራተኛ አስተዳደር እመራዋለሁ።»

ከገበያው ዳር አንዲት ክፍል ተከራየሁና ግድግዳው ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ሰቅዬ ተቀመጥሁ። አባቴ ወሬውን የሰማው ገበያ መሀል ከሌላ ሰው ነው። መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ።

«ወንበርህን ለማን ሰጠኸው?» አለኝ።

መጋረጃዬን አሳየሁት። «ሰው ከተቀመጠበት ሲነሣ የሚሄድበትን ያውቃል» ብሎኝ አህያውን እየነዳ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ቅዳሜዎች በደጄ ያልፋል፤ ዞር ብሎ ግን አያይም።

ጾሙ ረዘመብኝ። በርጩማ አውጥቼ ደጅ እቀመጣለሁ። እትዬ ጥሩ የሚባሉት አከራዬ ሱፍ ፍትፍት ሲሠሩ አይረሱኝም፤ አንዳንድ ቀን ስልጆ ይጨምሩልኛል። የበጋው ነፋስ አቧራውን እያመጣ ሰማያዊውን መጋረጃ ቡናማ አደረገው። ካሜራው ውስጥ ያለው ፊልም ሠላሳ ስድስት ያነሣል፤ የተነሣበት ሦስት ብቻ ነው። «ይቅደዱት» የምትለውን ቃል ብቻዬን እለማመዳት ጀመር። ፈርቼ ነበር። የፈራሁት ረኃቡን አይደለም። የፈራሁት ያችን መስኮት ነው፤ ተመልሼ ስቀመጥ አባቴ በዚያ በኩል ሲያየኝ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያይ አውቅ ነበር።

በደብረ ዘይት ሰሞን የአባቴ የልጅነት ጓደኛ አያ ፈንታ ሞቱ። ለቅሶ ሄድሁ። ሰውየው በሕይወታቸው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም ነበርና፣ ልጆቻቸው ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ያለቅሱ ነበር። ከሳንጃ የመጣችው ትንሿ ልጃቸው ሕፃኖቿን ግራና ቀኝ ይዛ፣ «አባቴ፣ መልክህን በምን ላሳያቸው?» ትላለች። አባቴ ከፊት ለፊቴ ቆሟል። ባዶውን ጋቢ ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ደጄ ላይ ከተለያየን ወዲህ ሲያየኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደጄ ላይ በርጩማዬ ላይ እንዳለሁ አባቴ መጣ። አብረውት ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም የታጠበ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል።

«እነዚህ ሰዎች ፎቶ ይነሣሉ» አለ። «እነሱን አስቀድም። እኔ መጨረሻ።»

የመጀመሪያው ሽማግሌ ገና ካሜራውን ሳነሣ፣ «እግሬን እንዳትቆርጠው፤ የኖርሁት በእግሬ ነው!» ብለው ጮኹብኝ። እግራቸው እንዲገባ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስል በሩን አልፌ፣ መንገዱን አቋርጬ፣ አንዲት ጨው ሻጭ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሁለተኛው የእጅ ሰዓቴን ለምነው አሰሩ። ሦስተኛውም ከእሳቸው ተቀብለው አሰሩ። ሰዓቷ አባቴ ዘንድ ስትደርስ እጁን ሰበሰበ።

«የሰው ሰዓት አስሬ አይለቀስልኝም።»

«እሺ፣ ተቀመጥ» አልሁትና በርጩማውን አቀረብሁለት።

«አልቀመጥም። መቀመጡን ላንተ አስቤው ነበር፤ አንተም እንደ እኔ መቆም ወደድህ» አለና ከዘራውን ተደግፎ ቀጥ አለ።

ቁጣ የለበትም ነበር። በካሜራው ቀዳዳ ሳየው ዓይኔ ዕንባ ሞላና መልኩን ማጥራት አቃተኝ። የካሜራውን ቁልፍ እንዲሁ ተጫንሁት።

ፊልሙን ጎንደር ወስጄ አሳጥቤ መጣሁ። ወሬው ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደየመንደሩ ወጣና፣ በሚቀጥለው ገበያ ባልቴቱ ሁሉ ነጠላቸውን አሳምረው ደጄ ተሰለፉ። እስከ ሆሣዕና ድረስ ያቺ በርጩማ ሰው ሳይቀመጥባት የዋለችበት ገበያ አልነበረም። ከፋሲካ በኋላ አቶ አድማሱ ዘንድ ገብቼ፣ «ይምሩት» አልኋቸው። መሩት።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ሲሞት ያን ፎቶ ይዘን አለቀስን፤ ከሁሉ ከፍ አድርጋ የያዘችው ዛሬ ራሷን ያመማት እህቴ ናት። አሁን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ነው። እግሩ ሙሉ ነው፣ ክንዱ ባዶ ነው፣ መልኩ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት የጠራ ፎቶ አንሥቻለሁ፤ እንደዚያ የምወደው የለኝም።

ሰብለ ታሪኩን ሰምታ ስልኳን አወጣችና ቀን ቆጠረች። ፊቷ ጠቆረ። «ሁለት ሳምንት ነው የቀረው! ቅቤና እንቁላል...» አለች። ፎቶውን ቆማ ስታይ ቆየችና፣ «የጾም ኬክ አለ እኮ፣ ጋሼ» አለችኝ። ደብዳቤውን ትናንት አስገብታለች።

እኔም ዛሬ ከማኅበር ጓደኞቼ ሦስቱን አነጋግሬያለሁ። ማንም ኬክ ቀምሶ አያውቅም፤ አንደኛው በማንኪያ ነው በእጅ የሚበላው ብሎ ጠይቆኛል። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይዣቸው ደጇ እሄዳለሁ። እነሱን ታስቀድም፤ እኔ መጨረሻ።